ራምፑ አለ፣ መግባት ግን የለም፦ በአዳዲስ የሕዝብ ሕንጻዎች ላይ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ከ30 አልፈዋል፤ አዲስ የመጡ ሰዎችም ከላይ ጀምሮ ማንበብ እንደከበዳቸው ነግረውኛል። ስለዚህ የመነሻ ጽሑፌን እንዳለ ትቼ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ። ያሳጠርኩትም ያስረዘምኩትም አለ። ያስረዘምኩት እኔን ያስተማረኝን ነው።

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክት ነኝ። በቅርቡ እኔ የሳልኩት አንድ የሕዝብ አገልግሎት መስጫ ሕንጻ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በዊልቸር ከምትንቀሳቀስ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ልናየው ሄድን። ፕላኑ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ራምፕ፣ ማለትም በዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ አለ፤ ሊፍት አለ፣ በየፎቁ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ መጸዳጃ ቤት አለ። ሲጸድቅም አንድ ጥያቄ አልተነሳበትም። ጓደኛዬ ግን ከመኪና ማቆሚያው ተነስታ መጸዳጃ ቤቱ እስክትደርስ አራት ቦታ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ፣ ከማቆሚያው ወደ ራምፑ መነሻ በሚያሻግረው ቦታ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ዝቅ አልተደረገም፤ ጥበቃው ሮጦ መጥቶ ወንበሯን ደግፎ አወጣት። ቀጥሎ ራምፑን ጨርሳ በሩ ጋ ስትደርስ በሩ ወደ እሷ የሚከፈት ሆነ። እጀታውን ይዛ ወደ ኋላ እንዳትል ቁልቁለት ነው፣ ወደ ጎን እንዳትል ግድግዳ ነው። ሦስተኛው ባንኮኒው ነው፤ እንግዳ ተቀባይዋ የጓደኛዬን ፊት ለማየት ከመቀመጫዋ መነሳትና ማጎንበስ ነበረባት። በመጨረሻ መጸዳጃ ቤቱ ገባች። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ ወንበሯ ውስጥ እያለ አይዘጋም። እኔ በሳልኩት ሕንጻ ውስጥ፣ የጓደኛዬን ገመና በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

ያን ቀን የገባኝ ይህ ነው። የምንሳሳተው ቁጥሩን ስለማናውቅ አይደለም። ራምፑን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ መጸዳጃ ቤቱን ለብቻ እያየን ትክክል ነው ብለን ስለምናልፍ ነው። አንድ ሰው ከግቢው በር ተነስቶ መጨረሻዋ ክፍል እስኪደርስ ያለውን መንገድ በጣቱ እየተከተለ የሚያይ የለም። እናንተስ በአዲስ ሕንጻ ላይ ምን አይታችኋል? የተጠቀማችሁም፣ የሠራችሁም፣ የተቆጣጠራችሁም ንገሩኝ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ ከአንድ ተማሪ ነው። በትህትና አመስግኖኝ፣ እነሱ ስለ ተደራሽነት የሚማሩት በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደሆነ፣ ያም ስለ ራምፕ ብቻ እንደሆነ ጻፈ።

2ኛውን የጻፉት በሙያው ረጅም ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። አክብረውኛል፣ ግን አርመውኛል። ቁጥሩን እናውቃለን ማለቴን አልተቀበሉትም። የራምፕ ተዳፋት ከ1 ለ12 (1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት) እንዳይበልጥ የሚለውን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ አስልቶ ቦታ የሚተውለት ግን ጥቂት ነው አሉ። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች 45 ሴንቲ ሜትር ያነሳሉ፤ ይህን ለመውጣት 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ራምፕ ያስፈልጋል። ደረጃዎቹ 5 ከሆኑ 9 ሜትር ነው። በአሜሪካው ደንብ ደግሞ አንድ ወጥ ራምፕ ከ76 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ሳያርፍ መውጣት ስለሌለበት፣ ከዚያ ካለፈ 1.5 ሜትር ያህል የሚረዝም ማረፊያ መሃል ላይ ይገባል። እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? ደረጃው በመጀመሪያው ቀን ስኬች (የመጀመሪያ ንድፍ) ላይ መሃል ቦታ ይሰጠዋል። ራምፑ ሁሉም ካለቀ በኋላ በተረፈው ጥግ ይሸጎጣል፤ የተረፈው 3 ሜትር ከሆነ ራምፑም 3 ሜትር ይሆናል። ለእሳቸው 1 ለ12 የመጨረሻው ወሰን ነው፣ ከዚያ በታች መውረድ ሁልጊዜ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወለሉና ግቢው ገና ሲታሰብ ተስተካክለው ራምፕ የማያስፈልገው መግቢያ ነው፤ ከ1 ለ20 ያልበለጠ ለስላሳ ተዳፋት ሁሉም ሰው በአንድ በር የሚገባበት መንገድ ይሆናል።

ትክክል ናቸው፣ ተቀብያለሁ። እኔም ራምፑን የሳልኩት በመጨረሻ ነበር።

3ኛው መልስ በእጁ እየገፋ በዊልቸር ከሚሄድ ሰው መጣ። ስለ መውጣት ሁሉም እንደሚያወራ፣ እሱን የሚያስፈራው ግን መውረዱ እንደሆነ ገለጸ። የተወለወለ ግራናይት የተነጠፈበት ራምፕ ዝናብ ሲነካው እጁ ጎማውን ቢይዝም ጎማው መሬቱን አይዝም። ሌላው ማንም የማይለካው ወደ ጎን ያለው ዘመም ነው፤ ወለሉን ውኃ እንዲወርድ ብለው ወደ አንድ ወገን ካዘመሙት ወንበሩ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ መንገዱን ሁሉ በአንድ እጁ ብቻ ይገፋል። ስለ እጅ መደገፊያውም አነሳ። ብረቱ ራምፑ ከሚያልቅበት ላይ ተቆርጦ ማለቅ የለበትም፤ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም ክራንች የሚይዝ ሰው ድጋፍ የሚፈልገው የመጀመሪያውን እርምጃ ሲነሳና የመጨረሻውን ሲያርፍ ነው።

4ኛው በአንድ መስመር የበጀት ጉዳይ መሆኑን ተናግሮ ሄደ። 5ኛው እኔ ነኝ፤ በሩን ወደ ውጭ ማስከፈት ከመጀመሪያው ቢታሰብ ተጨማሪ ወጪ እንደሌለው ብቻ መለስኩለት።

ነገሩ መካረር የጀመረው ከ6ኛው ነው። ጸሐፊው ኮንትራክተር ነው፣ ተቆጥቷልም። አርክቴክቶች በወረቀት ላይ ቆንጆ አድርገን ስለን ስህተቱን በሠራተኛው ላይ እንደምናላክክ ጻፈ። የሰጠው ምሳሌ ግን ከቁጣው በላይ ከብዶ ታየኝ። ፕላኑ ላይ የበሩ ውጭም ውስጥም ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ፣ ማለትም እኩል ከፍታ፣ ተብሎ ይጻፋል። የውጭው ወለል ምን እንደሚነጠፍበት፣ ሞርታሩ ስንት ሴንቲ እንደሚወፍር፣ የውስጡ ሴራሚክ ስንት እንደሆነ፣ የበሩ ፍሬም ከስር ምን ያህል እንደሚነሳ የተሳለ ነገር የለም። ሠራተኛው ሁለቱን ወለሎች በየፊናቸው ይጨርስና መሃል ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ደፍ ይፈጠራል። አሜሪካኖቹ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ደፍ አይፈቅዱም። ስለዚህ 9 ሜትር ራምፕ ተሠርቶለት የወጣ ሰው 4 ሴንቲ ላይ ይቆማል። ይህን በርክክብ ቀን አይቶት ለማስነሳት ሲጠይቅ፣ ማሻሻያ የሚል ደብዳቤ የሚጽፍለት አካል እንዳጣ ነግሮናል።

የክሩን ሐሳብ አንድ ሰው በትክክል ያስቀመጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔ መንገዱን በጣት መከተል ያልኩትን እሱ በሚሊ ሜትር አሳየኝ።

7ኛው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው፤ ኮንትራክተሩን ተቃወመው። ደፉ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የሚሠራው ዝናብ እንዳይገባ ነው አለ። መፍትሔው ግን ውኃውን በደፍ መከላከል ሳይሆን በሩ ላይ ጥላ ማውጣትና ከበሩ ፊት በፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ መሥራት ነው፤ የፍርግርጉ ክፍተት የዊልቸርን የፊት ጎማ የሚውጥ እንዳይሆን፣ ረጅሙ ክፍተትም ከመሄጃው አቅጣጫ ጋር እንዳይገጥም ጭምር። ኮንትራክተሩ በዚህ ረክቶ ይሁን ደክሞት ዝም አለ።

8ኛውን መልስ የጻፉት ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ አባት ናቸው። በስልካቸው ድምፅ እያስነበቡ ክሩን ሁሉ እንደተከታተሉት ነግረውን፣ እስካሁን ባለ ጎማ ወንበር ብቻ እንደተነሳ በጨዋ አነጋገር አሳሰቡን። ለእሳቸው አዲስ ሕንጻ ከአሮጌው ይከብዳል። አሮጌው ጠባብ ኮሪደር አለው፣ ግድግዳውን ተከትለው ይሄዳሉ። አዲሱ ሰፊና ባዶ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅበት። የሰው እግር ኮቴ እንኳ ከአራት ወገን ይሰማቸዋል። ነጭ በትራቸው የሚዳስሰው መሬቱን ነው። ስለዚህ ከወገብ በላይ ወደ ኮሪደሩ የወጣ የእሳት ማጥፊያ ሳጥን፣ የግድግዳ መታጠቢያ፣ የተከፈተ መስኮት በበትር አይታወቅም፤ ፊትን ሲመታ ነው የሚታወቀው። ከሁሉ የከፋው ከስሩ ባዶ የተተወ ደረጃ ነው። አርክቴክቱ እንዲንሳፈፍ ብሎ የሠራው ደረጃ ስር በትሩ በነጻ ያልፋል፣ ግንባር ግን አያልፍም። እዚያ ላይ አጥር፣ የአበባ መደብ ወይም መቀመጫ ቢደረግ በትሩ ቀድሞ ያገኘዋል።

ቀጥለው ስለ ሊፍት ጻፉ። በጣት የሚለይ ከፍ ያለ ቁልፍና ብሬል የነበረው ሊፍት በአዳዲሶቹ ሕንጻዎች ለስላሳ መስታወት ሆኗል፤ የሚነኩት ፎቅ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ድምፅም የለውም። ስለዚህ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

9ኛው ወጣት ለእሳቸው በጣም ተነክቶ፣ በእግርና በበትር የሚለየው ጎርባጣ ንጣፍ የተጀመረው በጃፓን እንደሆነና የፈጠረው ሴኢቺ ሚያኬ የሚባል ሰው እንደሆነ ጻፈ። መንገድ ላይ የተነጠፈበትን ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 1965 አለው። 10ኛው አረመው፦ በ1965 የተፈጠረበት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው በ1967 በኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ነው። ይኸው 10ኛ ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ። ረጃጅም መስመሮች ያሉት ንጣፍ ሂድ ማለት ነው፣ ክብ ነጠብጣብ ያለው ቁም ወይም ተጠንቀቅ። በአዳዲስ ሕንጻዎች ግን ሁለቱ ተቀላቅለው እንደ ጌጥ ሲነጠፉ፣ ከወለሉ ቀለም ጋር እንዲመሳሰሉ ግራጫ ሲደረጉ፣ መስመሩም ተከትለውት ሲሄዱ ምሰሶ ጋ ወይም ግድግዳ ጋ ሲያልቅ አይቷል። ብዙ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ጥቂት የማየት አቅም አላቸው፤ ለእነሱ ቀለሙ ከጎርባጣው እኩል ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይም ተቃራኒ ቀለም ያለው መስመር ካልተደረገ 10 ደረጃ አንድ ተዳፋት መስሎ ይታያል።

11ኛው መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ አጭር ጻፈ፣ ግን ያነበብኩት ደጋግሜ ነው። በሩ ላይ ያለው መጥሪያ በድምፅ ብቻ የሚነጋገር ስለሆነ ማን ነህ ሲባል አይሰማም፣ በሩም አይከፈትለትም። እንግዳ ተቀባዩ ጀርባው ወደ ትልቅ መስኮት ስለሆነ ፊቱ ጥላ ይሆናል፤ የከንፈሩን እንቅስቃሴም የምልክት ቋንቋውንም ማየት አይቻልም። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኖ ሕንጻው በሙሉ ባዶ መሆኑን ያወቀው ሲወጣ ነው። ብልጭ የሚል መብራት በኮሪደሩ ብቻ ሳይሆን ሰው ብቻውን በሚሆንበት ክፍል ውስጥ እንዲደረግ ጠየቀ። ከእሱ ጋር በተያያዘ የመስሚያ መርጃ የሚጠቀሙ ሰዎችን የሚያነሳ ሌላ ሰው ነበር፤ በአዳራሾች ወለል ስር የሚዘረጋው፣ ድምፅን ወደ መስሚያ መርጃው የሚያደርሰው ሽቦ ወለሉ ሳይሠራ ካልታሰበ በኋላ ማስገባቱ ሥራ ነው።

12ኛው መልስ ክሩን አናወጠው። ጸሐፊው ለስንት ሰው ብለን ነው ይህ ሁሉ የሚል ጥያቄ አነሳ፤ በሕንጻው በቀን አንድ ዊልቸር እንኳ እንደማይገባ፣ ለዚያ አንድ ሰው ሲባል ቦታና ገንዘብ ማባከን ተገቢ እንዳልሆነ አጥብቆ ተከራከረ። ከ13ኛው እስከ 16ኛው ያሉት ሁሉ ለእሱ ናቸው። አንደኛዋ በቁጣ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የማይመጣው ስለማይፈልግ ሳይሆን ሕንጻዎቹ ስለማያስገቡት እንደሆነ ነገረችው። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት እንዳለበት አስፍሯል። 15ኛዋ እርጉዝ ሴትን፣ እግሩን የተሰበረን፣ ጋሪ የሚገፋን፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንትን ቆጠረች።

16ኛው ግን በራሱ ወገኖች ላይ ተነሳ፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ጉዳዩን በብዛት ማስረዳት ከጀመርን ቁጥሩ ሲያንስ መብቱም ሊያንስ ነው ሲል ሞገተ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ያስቀመጠው የሰዎቹን ቁጥር አይቶ አይደለም። አንድ ሰው ቢሆንም ሕንጻው የሕዝብ ነው። 12ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። ቢመለስና ቢከራከር ይሻለኝ ነበር፤ ይህን ሐሳብ ጮክ ብሎ የሚናገረው እሱ ይሁን እንጂ በዝምታ ይዘው የሚያጸድቁ ብዙ ናቸው።

17ኛውና 18ኛው ከርዕሱ ወጡ። የዊልቸሩን ምልክት ማን እንደሳለው ተጠያየቁ፤ ዴንማርካዊቷ ተማሪ ሱዛን ኮፈድ እ.ኤ.አ. በ1968 ስትስለው ባዶ ወንበር ብቻ እንደነበረና ራስ የተጨመረለት በኋላ እንደሆነ አንዱ ለሌላው አስረዳ። 19ኛዋ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ ብላ ገሠጸቻቸው። እኔ ግን አላዘንኩባቸውም። በብዙ ሕንጻዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለው ሁሉ ተረስቶ ምልክቱ ብቻ በር ላይ ተለጥፎ ይቀራልና፣ ወንበሩ ላይ ሰው እንዲቀመጥበት ያደረገው ሰው ጥሩ አስቧል።

20ኛው መልስ ስለ ውበት ነው፣ እዚህም ላይ ጠብ ነበር። ጸሐፊዋ በኒው ዮርክ ኩዊንስ ያለውን የሃንተርስ ፖይንት ቤተ መጻሕፍት አነሳች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲከፈት በውበቱ እጅግ ተሞግሷል፤ ሊፍትም ነበረው። ነገር ግን የልብ ወለድ መደርደሪያዎቹ በደረጃ ብቻ በሚደረስባቸው እርከኖች ላይ ነበሩ። መጀመሪያ የተሰጠው ምላሽ ሠራተኛ መጽሐፉን ያመጣል የሚል ነበር። እሷን ያናደዳት ይኸው ነው፤ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ማለት ስሙን የሚያውቁትን መጽሐፍ ማስመጣት ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው መሃል እየዞሩ የማያውቁትን ማግኘት ነው። መጻሕፍቱ በኋላ ከእርከኖቹ ተነሱ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

21ኛው አርክቴክት ተከላከለ። ሁሉንም ነገር በደንቦች ካሰርነው ሕንጻ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል አለ፤ ማስረጃ ብሎም በካናዳ ቫንኩቨር ያለውን ሮብሰን አደባባይ አቀረበ፦ አርክቴክቱ አርተር ኤሪክሰን ራምፑን በደረጃው መሃል እያጠማዘዘ ያሳለፈበትን። 20ኛዋ አልለቀቀችውም። እሱ የሚያደንቀው ራምፕ ደረጃውን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ እጅ መደገፊያ እንደሌለው፣ የደረጃው ጠርዝና ራምፑ በአንድ ቀለም ተዋህደው ለደካማ ዓይን እንደማይለዩ፣ በትር የያዘ ሰውም ደረጃው የት እንደሚጀምር እንደሚምታታበት ነገረችው። ለፎቶ የሚያምር ነገር ለእግር ያምራል ማለት እንዳልሆነ በጠንካራ ቃል ጻፈች። እሱም በጠንካራ ቃል መለሰ፤ ያንን አልደግመውም። በበኩሌ ሁለቱም ደረጃና ራምፕን አንድ መግቢያ ለማድረግ የተሞከረውን ሙከራ አለማቃለላቸው ይበጃል እላለሁ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የሚጠቀሙበትን ሰዎች ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ 22ኛው መልስ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ መጣ። የጻፈችው በአንድ ትልቅ አዲስ ሕንጻ የጽዳት ሠራተኛ ናት። በፎቃቸው ያለው የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት የመጥረጊያ፣ የባልዲና የወረቀት ማስቀመጫ እንደሆነ፣ ቁልፉም አለቃቸው ጋ እንደሚቀመጥ በግልጽ ነገረችን። ከጣሪያው የሚንጠለጠለው ቀይ የድረሱልኝ ገመድም ወለል ስታጥብ እየረጠበ ስላስቸገራት ወደ ላይ ጠቅልላ አስራዋለች፤ ለምን እስከ መሬት እንደወረደ የነገራት ሰው አልነበረም። 23ኛው ወዲያው ይህ የአጠቃቀም እንጂ የንድፍ ስህተት እንዳልሆነ ጻፈ። 24ኛው ደግሞ ከ2ኛው ጸሐፊ ነበር፤ እኚያው ታላቅ ሰው ተመልሰው መጡ። የንድፍ ስህተት ነው አሉ። በዚያ ፎቅ ላይ የጽዳት ዕቃ ክፍል ያልሳለ አርክቴክት፣ ዕቃው በፎቁ ካሉት ክፍሎች ሰፊውና ባዶ ቦታ ያለው ውስጥ እንዲገባ ፈርዷል፤ ያ ክፍል ሁልጊዜ የአካል ጉዳተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። ወንበር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ክብ በፕላን ላይ ለባለሙያ መዞሪያ ነው፣ ለሌላው ሁሉ ባዶ ቦታ ነው።

ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ የራሴን ፕላን አወጣሁ። የጽዳት ክፍል የሳልኩት በምድር ወለል ብቻ ነው።

ለጽዳት ሠራተኛዋ 8ኛው ጸሐፊ፣ ዓይነ ስውሩ አባት፣ ልጄ ብለው መለሱላት። ገመዱ መሬት የሚደርሰው የወደቀ ሰው ተኝቶ እንዲደርስበት መሆኑን አስረዷት። በማግስቱ እንደፈታችው ጻፈች፤ ይህ 26ኛው ነው።

25ኛው በመሃል የገባው ስለ እሳት ነው። በሊፍት ወደ 7ኛ ፎቅ ያወጣነውን ሰው እሳት ሲነሳ ሊፍቱን አትጠቀም እንለዋለን፤ ታዲያ በምን ይውረድ? ደረጃው አጠገብ እሳትና ጭስ የማይገባበት፣ ወንበር የሚቆምበት፣ ከታች ካሉት ጋር መነጋገሪያ ያለው መጠበቂያ ቦታ ካልተሳለ በቀር መልስ የለውም። 27ኛዋ እናት ናት፤ ልጇ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ራሱን መንከባከብ አይችልም። በሕዝብ ሕንጻ ውስጥ ልብሱን የምትቀይርለት መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ አስተኝታ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአንዳንድ ትላልቅ አዳዲስ የሕዝብ ሕንጻዎች ላይ ለአዋቂ የሚሆን መተኛና ማንሻ ያለው 12 ካሬ ሜትር ያህል ክፍል ግዴታ ማድረጓን ጠቅሳ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር ጨረሰች። ማንም አልተከራከራትም።

28ኛው ተማሪ፣ 1ኛውን የጻፈው ነው፣ ክፍላቸው በሙሉ አንድ ቀን በዊልቸር ተቀምጦና ዓይኑን ተሸፍኖ ሕንጻ እንዲዞር ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች ወደዱለት። 3ኛውና 8ኛው ጸሐፊዎች ግን በ29ኛውና በ30ኛው ተቃወሙት፣ በለሰለሰ ቃል። ዓይኑን ለአንድ ሰዓት የተሸፈነ ሰው የሚማረው ፍርሃትን ነው፣ በበትር የመሄድን ችሎታ አይደለም፤ ወጥቶም የሚነድፈው ከፍርሃቱ ተነስቶ ነው አሉ አባት። 3ኛው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሞከር ሳይሆን ወንበር ላይ ያለውን ሰው በስኬቹ ጊዜ ጠርቶ፣ ለሌላው አማካሪ እንደሚከፈለው ከፍሎ፣ ፕላኑን ፊቱ ዘርግቶ መጠየቅ እንደሚገባ ጻፈ። እሱን እስካሁን የጠሩት ሁሉ የጠሩት ለምርቃት ዕለት እንደሆነ ጨመረ። ተማሪው አመሰገናቸው፤ ለመምህሩ እንደሚያቀርበውም ነገራቸው።

31ኛው አንድ ሰው የእኔ ሕንጻ ምን እንደሆነ ጠየቀ። የመለስኩት ይህ ነው። የሦስት ፎቅ መጸዳጃ ቤት በሮች ተነቅለው ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ተሰቅለዋል፤ በአንደኛው ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ በሩ የሚያልፍ ሰው እንዳይመታ በተንሸራታች ተተክቷል። የባንኮኒው አንድ ጫፍ ተቆርጦ ዝቅ ብሏል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ገና ነው። የዋናው መግቢያ ማረፊያ መስፋት ካለበት ራምፑ እንደገና መፍረስ አለበት፤ አሠሪው አልተስማማም፣ እኔም መጠየቄን አላቆምኩም። የሚቀጥለውን ሥራዬን ስኬች ይዤ ጓደኛዬ ቤት ሄጃለሁ። ፕላኑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከግቢው በር አስነስታ፣ የመኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ቆመች።